ጭድ ተራ ላይ የተከሰሰው እንቁላል

«ቀጭን ነሽ። መተተኛ ደግሞ ሁሌም ቀጭን ነው፤ የበላው አይረጋለትም» አሉኝ እትዬ ሸዋዬ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ጀሪካን አንጠልጥለው።

መርካቶ ከገባሁ ገና አንድ ሌሊት ማደሬ ነበር። ቡሬ ቅጥነቴን ያየ ሰው ቢበዛ «ወስፋት ይኖርብሻል፣ ኮሶ ጠጪ» ይለኛል። አዲስ አበባ ግን ሁሉ ነገር ትልቅ ነው፤ ክሱም ትልቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ተመልሼ እቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ያገኘኝ ሁሉ «መርካቶ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው መጀመር ሰለቸኝ። አብዛኞቻችሁ እዚያ እንደማትሄዱም አውቃለሁ። ስለዚህ አንብቡና ተዉኝ።

እሑድ

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። ስሜ ትዕግስት ቢሆንም መጠበቅ አይሆንልኝም። እናቴ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ማየት ሲሰለቻት፣ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ወንፊትና ሰፌድ የምትሸጠው አክስቴ ስንዱ ዘንድ ለሳምንት ላከችኝ። ባዶ እጅ አይኬድምና ጓዳ ያለውን እንቁላል ጠቅልዬ እንድወስድ ነገረችኝና ቅዳሴ ሄደች።

ጓዳ ያለው ሃያ ዘጠኝ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ተብሎ ስጦታ አይሰጥም። ሠላሳ እንዲሞላ ብዬ የታቀፈችው ዶሮ ሥር እጄን ሰደድኩና አንድ አወጣሁ። ዶሮዋ ነከሰችኝ። እናቴ ያስታቀፈችውን እንቁላል ሁሉ በከሰል ዙሪያውን ታከብበታለች፤ ዶሮዋ በላዩ አዲስ ብትጥልበት ይኼኛው ከዚያኛው እንዳይምታታ ነው። ክቡን አይቼዋለሁ። ግን አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር።

እንዳይሰበሩ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ጨርቁ የአባቴ የተቀደደ ጃንጥላ ነው፣ ጥቁር። ማሰሪያው የእናቴ የጥልፍ ክር ነው፤ ያገኘሁት ቀለም ቀይ ብቻ ነበር። ቅርጫት ውስጥ የጤፍ ጭድ ሞልቼ ደረደርኳቸው።

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ደብረ ማርቆስን ሳናልፍ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ብገፋው አይነቃ፣ ብቆነጥጠው አይነቃ። ቅርጫቱን ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩ፣ ሰውዬውን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ ደጀን ደረስኩ። ምሳ ሽሮ በላሁ። እኛ ጋ ሽሮ ሳህኑን ሞልቶ ይመጣል፤ ደጀን ሽሮውና ሳህኑ የተጣሉ ይመስላሉ፣ ራቅ ራቅ ብለው ነው የሚቀርቡት። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሰውዬውን ቀሰቀሰው። «እንቁላልሽ እንዳይበስል» አለኝና ተመልሶ ተኛ።

አውቶቡስ ተራ የወረድነው አመሻሹ ላይ ነው። አክስቴ ስልክ አላነሳችም። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በኩል እየጠየቅኩ በእግሬ ሄድኩ። በየአሥር እርምጃው አንድ ሰው «እህት፣ ላግዝሽ» ይላል። ቡሬ ላግዝሽ የሚልሽን ሰው አባቱን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ የማላውቀው ሁሉ ሊያግዘኝ ፈለገ። ቅርጫቴን ይበልጥ አቅፌ ጭድ ተራ ገባሁ። ጭድ የሚሸጥ አላየሁም። የዚያን ቀን ጭድ ተራ ውስጥ ጭድ የያዝኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እሑድ ስለሆነ ብዙው ሱቅ ዝግ ነበር። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቅርጫቱን አሳርፌ፣ የተሰበረ አለ ወይ ብዬ እያወጣሁ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ አክስቴ ከኋላዬ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ነው፣ ነይ፣ ነይ» እያለች ያወጣሁትን በሙሉ እያግበሰበሰች መለሰችና ይዛኝ ሄደች።

በሙሉ መስሎን ነበር።

ሰኞ

ያደርኩት ከሱቁ በላይ ባለችው ቆጥ ላይ፣ ወንፊት በተሰቀለበት ጣሪያ ሥር ነው። ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው። ያ የተዘጋ ሱቅ የእትዬ ሸዋዬ ነበር፤ ጀሪካንና ባልዲ የሚሸጡ የአክስቴ ጎረቤት። በራቸውን ሲከፍቱ መቃኑ ሥር በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በቀይ ክር የታሰረ ነገር አገኙ። በእንጨት ፈቱት። እንቁላል። እንቁላሉ ላይ ጥቁር ክብ።

ከዚህ በፊት የሆነውን አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት የእትዬ ሸዋዬ ጀሪካኖች ድንበር አልፈው የአክስቴን ሰፌዶች ሸፍነው ኖሯል። አክስቴ ተናዳ፣ ተራው ሁሉ እየሰማ፣ «ቆይ፣ አንድ ቀን በርሽ ላይ ታገኚዋለሽ» ብላቸዋለች። ምን እንደሚያገኙ አልነገረቻቸውም። እሷም አታውቅም።

እኔ ከቆጥ እየወረድኩ ሰው የተሰበሰበበትን አየሁና ደስ አለኝ፤ አንዱ መጥፋቱን ማታ ቆጥሬ ደርሼበት ነበርና። «ውይ፣ የኔ ነው» አልኩ፣ «ከቡሬ ይዤው የመጣሁት ነው።»

ከጎጃም። ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የጎጃም ደብተራ ዝናው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። እትዬ ሸዋዬ ጀሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀርበው ስለ ቅጥነቴ ያሉትን አሉኝ። ከዚያ ሱቅ ገብተው ጸበል አመጡና በመጀመሪያ እንቁላሉን፣ ቀጥሎ እኔን ረጩ።

ማክሰኞ

የተራውን ቦታ የሚያድለው የነጋዴዎቹ ማኅበር ነው። ሰው ያጣላ፣ የሰረቀ፣ ያጭበረበረ ካለ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ከተራው ያስነሱታል። እትዬ ሸዋዬ አክስቴ እንድትነሳ ጠየቁ። አክስቴ ጭድ ተራ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይታለች፤ ከዚያ ሱቅ ሌላ ምንም የላትም።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። ጋሽ ተካ ገመድ ሻጭ ናቸው፤ ድሮ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ከመናገራቸው በፊት የሌለ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከቆርቆሮ ምድጃ ይሠራሉ። ሲነድ ያላዩትን ምድጃ ማን ይገዛል ብለው አንዱን ቀኑን ሙሉ ያነዱታል፤ ማንቆርቆሪያው ከላዩ አይወርድም። የተቀመጥነው ባልተሸጡ ጀሪካኖች ላይ ነው። ቡሬ ሽምግልና ዛፍ ሥር ነው፤ እዚህ በየመሃሉ ተሸካሚ «መንገድ፣ መንገድ» እያለ ዳኞቹን ያስነሳቸዋል።

እኔ ከአክስቴ ቀድሜ ተናገርኩ። ማንም አልጠየቀኝም። መተት ይሠራል አይሠራም የሚለው ሳይታወቅ ቅጣት ከየት ይመጣል አልኩ። ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይሠራል እንበል። የሚሠራ ከሆነ መርዝ ማለት ነው። ውኃ ውስጥ መርዝ ያስቀመጠ፣ ማንም ባይጠጣው ይጠየቃል።»

«የማይሠራ ከሆነስ?»

«የማይሠራ ከሆነ ያስቀመጠው ሰው ይሠራል ብሎ ነው ያስቀመጠው። ሐሳቡ ይቀጣል።»

ቢሠራም ቅጣት፣ ባይሠራም ቅጣት። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ሌላ ነገር አሉ። የእትዬ ሸዋዬ ልጆች ሦስት ጎረምሶች ናቸው፤ እናታችን ተመተተባት ብለው ዱላ ይዘው ከሚመጡ ሽማግሌ ቢፈርድ ይሻላል አሉ። እንግዲህ አክስቴ እንዳትደበደብ ትባረራለች ማለት ነው ወይ አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው አሉ።

ስለ ከሰሉ ክብ እውነቱን ተናገርኩ፤ የታቀፈ እንቁላል ምልክት ነው አልኩ። እትዬ ሸዋዬ የገጠር ልጅ ናቸው፤ አልተሸወዱም። «የታቀፈ እንቁላል ለሰው ይበላ ተብሎ ይላካል እንዴ?» አሉ። አይላክም። ሠላሳ እንዲሞላ ብዬ ነው አልኩ። እንዲህ ዓይነት ምክንያት የሚያምን ዳኛ የለም።

ይሄኔ መላ መጣልኝ። ሮጬ ሄጄ ቅርጫቱን አመጣሁና ጭዱን ገለጥኩ። ሃያ ዘጠኝ እንቁላል፣ ሁሉም በጥቁር ጃንጥላ ጨርቅ፣ ሁሉም በቀይ ክር። «ይኸው፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የታሰረው» አልኩ በኩራት።

አንድ ሰው ከኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ የትኛው ነው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሸንጎ አልነበረም። የሳሙና ሻጩ ባለፈው ወር የታመመውን፣ የቅርጫት ሻጯ ልጇ የወደቀችውን፣ ሁሉም የደረሰበትን ማስታወስ ጀመረ። እኔ ያኔ ቡሬ ትሪጎኖሜትሪ እያጠናሁ ነበር። ጋሽ ተካ ጀሪካን ላይ ቆመው ሰውን ዝም አሰኙ። ፍርዱ ለረቡዕ ተቀጠረ፤ ሃያ ዘጠኙ እኛ ዘንድ ይሁን፣ የተከሰሰው ግን እንደ ማስረጃ ይቀመጥ ተባለ። ማን ዘንድ? ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«እኔ ዘንድ ይሁን» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የብረት ሠሪ ልጅ ነኝ። አገሬ ሳለሁ ቡዳ ስባል ነው ያደግኩት፤ ከዚህ በላይ ምን እባላለሁ።»

እንቁላሉን ጥጥ ባለበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስገብተው ከሚነደው ምድጃቸው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

ረቡዕ

ጠዋት የሰላምታ መልስ አጣሁ። ደኅና አደራችሁ ብዬ ብሄድ ሰው ሁሉ በድንገት ሥራ በዛበት። የጠራኝ ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበሩ። ሻይና ዳቦ ሰጡኝ፤ ዳቦውን ከራሳቸው ቁርስ ላይ ነው የቆረሱልኝ። ጣሳውን አንስተው ፀሐይ ወደሚገባበት ቀዳዳ ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ግን እየበላሁ ነበር።

ስለ ብረት ሠሪ የተናገሩት ከሐሳቤ አልወጣም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የአንጥረኛ ልጅ የሆነች አበባ የምትባል ልጅ አጠገቤ ልትቀመጥ ስትል ደብተሬን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ ሞላሁት። ምንም አላደረገችኝም። ሌሎቹም እንደዚያ ያደርጉ ስለነበር ነው። ይህን ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዳቦውን ጨርሺ አሉኝ።

ሱቅ ስመለስ አክስቴ ሰፌዶቹን ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ እያወረደች ነበር። ለምን አልኳት። «ሌላ ሰው ከሚያወርድብኝ ብዬ ነው» አለች። አክስቴ ስትናደድ አይቻታለሁ፤ ቀስ ብላ ሥራ ስትሠራ አይቼ አላውቅም። ያኔ ፈራሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሠላሳ ያሰኘኝ ጣጣ።

ስለዚህ ሸንጎው እንደተቀመጠ ተነስቼ እንቁላሉን እኔ እበላዋለሁ አልኩ። ተጠብሶ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

እትዬ ሸዋዬ ተቃወሙ። መተተኛ የራሱ ሥራ አይነካውም፤ በልታ ምንም ካልሆነች መተተኛ ናት ማለት ነው አሉ። ብታመምስ ስላቸው ብትታመሚማ መተት ነበር ማለት ነው አሉ። ጋሽ ተካ ይህ ነጥብ ከባድ ነው ብለው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ሦስት ሰው ይብላው አሉ፤ ከሳሽም፣ እኔም፣ አንድ ዳኛም፣ ከአንድ መጥበሻ። ሦስታችንም ደኅና ከሆንን እንቁላል ነው፤ ከታመምን መተት ነው። ሁሉም እሰይ አለ። ጋሽ ተካ አንድ ዳኛ ያሉት ማንን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባቸው።

መጥበሻው ሊጣድ ሲል፣ ጋሽ ተካ ፊታቸው በራ። «ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መተት ሊሆን የሚችል እንቁላል መብላት ይቻላል፤ በረቡዕ ግን እንቁላል አይበላም። ጋሽ ተካ ወደ ባልደረባቸው ዞር ብለው አንተን ጾሙ አይዝህም አሏቸው። እትዬ ሸዋዬ መተቱ የተሠራው ለክርስቲያን ነው፣ ሰይድን አያውቀውም አሉ።

«እኔም ያልታረደ አልበላም» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ቆርቆሯቸውን እየቀጠቀጡ። እንቁላል ይታረዳል እንዴ ብለን ሳቅንባቸው። ለሐሙስ ተቀጠረ።

ከሰዓት እናቴ ደወለች። ከዶሮዋ ሥር አንድ እንቁላል ጠፍቷል፤ ያ የጎረቤታችን የእትዬ ባንቺ እጅ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጨው አላበድራትም አለችኝ። መስመሩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ

በሦስት ሰዓት ተራው በሙሉ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ደጅ ነበር። ገዢዎች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ «ባለቤት የለውም?» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። መጥበሻው ተጥዷል፣ ቅቤው ቀልጧል። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ለቁርባን የሚቀርቡ መስለዋል። ጋሽ ተካ ላብ በላብ ሆነዋል። እኔም እውነቱን ለመናገር የታቀፈ እንቁላል ውስጥ ምን እንዳለ ሳስብ ዓይኔን ከመጥበሻው አነሳሁ። አክስቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ ሱቋ ባዶ ግድግዳ ሆኗል።

ጋሽ ሰይድ ጣሳውን አወረዱ።

ጣሳው «ጭው» አለ።

እትዬ ሸዋዬ «ተናገረ» አሉና ወደ ኋላ ሲሄዱ የራሳቸው ባልዲ ውስጥ ተቀመጡ። ጋሽ ተካ ገመዳቸው መሃል ገቡ። የሳሙና ሻጩን እስከ ጎጃም በረንዳ ሰፈር ድረስ ሮጧል ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም። ጋሽ ሰይድ ብቻ ቆመው ጣሳውን መሬት ላይ አኖሩና «ጫና አታብዙበት፣ ራቅ በሉ» አሉ።

የከሰሉ ክብ መሃል ላይ ቀዳዳ ነበር። ከቀዳዳው ውስጥ ትንሽ አፍ ወጣ ገባ ትላለች። ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ጭድ ተራ ሥራ አልሠራም። መተተኛውም የተመተተበትም አጎንብሰን አንድ እንቁላል እናያለን። ቅርፊቱ ለሁለት ሲከፈል እርጥብ፣ ቡናማ፣ አስቀያሚ ጫጩት ወጣና ጥጡ ላይ ወደቀ። እትዬ ሸዋዬ ከባልዲው ተነስተው ነጠላቸውን አወለቁ።

«ምን ታዩታላችሁ፣ በብርድ ይሙት?» አሉና ጠቀለሉት።

ጋሽ ተካ ከገመዱ መሃል ወጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ማስረጃው በሕይወት ስላለ ሊበላ እንደማይችል፣ ስላልተበላም ፍርድ እንደሌለ፣ ስንዱም በቦታዋ እንደምትቆይ ተናገሩ። አክስቴ ሄዳ አንድ ሰፌድ ሰቀለች።

እትዬ ሸዋዬ ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። «መተት ነበር» አሉ ጫጩቱን እያሻሹ። «ጸበሌ ነው የለወጠው። ሰኞ ባልረጨው ኖሮ እባብ ይወጣ ነበር።» ተራው ሁሉ አመነ። አክስቴና እትዬ ሸዋዬ፣ የሳሙና ሻጩ ሃያ ዘጠኙም ላይ ጸበል ይረጭልን ያለ ጊዜ ብቻ ተስማሙ፤ የለም፣ ሊበሉ ነው አሉት በአንድ ድምፅ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ሰይድን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ረቡዕ ጠዋት እንቁላሉን በፀሐይ ሲያዩት ሲንቀሳቀስ አይተዋል። ሲመሽም ፍሙን አመድ አልብሰው ጣሳውን አጠገቡ ያሳድሩት ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገሩም አልኩ፣ ተናድጄ፤ አክስቴን ከነሰፌዷ ሁለት ቀን አቃጥለዋታል።

«አስቢው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። «የብረት ሠሪ ልጅ ተነስቶ፣ እንቁላል ውስጥ ዓይን አየሁ ቢላቸው፣ ማንን የሚያስነሱ ይመስልሻል?»

ሻይ ቀዱልኝ።

ዓርብ

ማለዳ አውቶቡስ ተራ ሄድን። አንድ ሳምንት ነበር የተባልኩት፤ እናቴ ግን ሐሙስ ማታ እውነቱን ስነግራት ቶሎ ነይና እትዬ ባንቺን አንቺው አነጋግሪልኝ፣ እኔ አፈርኩ አለች። አክስቴ ለእናቴ ወንፊት ሰጠችኝ። መቀመጫዬ መስኮቱ ጋ ነበር።

ሊነሳ ሲል እትዬ ሸዋዬ ከሰዉ መሃል እየተጋፉ መጡ። ነጠላቸው ደረት ላይ እብጠት አለ፤ እብጠቱ ጭው ጭው ይላል። በመስኮቱ በኩል ትንሽ ጥቅል አቀበሉኝ። በጥቁር የጃንጥላ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በቀይ ክር የታሰረ።

«ቆሎ ነው፣ ለመንገድ» አሉ። «ዛሬ ዓርብ ነው ብዬ ነው።»

አክስቴ ጥቅሉን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች።

«ብዪ እንጂ» አሉ እትዬ ሸዋዬ፣ «እያየሁሽ።»

ክሩን ፈትቼ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እያኘኩ ነበር።